የሰው ትንፋሽ በእጄ

ሥልጠናው በተጀመረበት ዕለት አስተማሪያችን ለእያንዳንዳችን የለስላሳ መጠጫ ስትሮ አደለን። ከየክፍሉ የተመረጥን ነርሶች ነበርን። መተንፈስ ያቃተውን ሰው መርዳት፣ የመተንፈሻ ማሽኑን ከሰውየው ሳንባ ጋር ማስማማት፣ አክታ መምጠጥ፣ ኋላም ሰውየውን ከማሽኑ ቀስ አድርጎ ማላቀቅ ልንማር ነው የተሰበሰብነው። ሙያው ለአገራችን አዲስ ስለሆነ ስሙን እንኳ ለቤተሰብ ማስረዳት ያስቸግር ነበር። እናቴ ቁስቋም ላሉት ጎረቤቶቿ «የትንፋሽ ነርስ ልትሆን ነው» እያለች ነበር የምትነግራቸው። ከዚያ የተሻለ ስም እኔም አላገኘሁለትም።

«አፍንጫችሁን በጣታችሁ ያዙ» አለን አስተማሪያችን። «በስትሮዋ ብቻ እየተነፈሳችሁ ደረጃውን ወጥታችሁ ውረዱ። የምታክሙት ሰው ውሎው እንደዚያ ነው።»

እየተሳሳቅን ጀመርን። መጀመሪያ ላይ ጨዋታ ይመስል ነበር። ፎቁን ስናጋምስ ግን ሳቁ ቆመ። አንዱ ባልደረባችን ስትሮውን ተፍቶ፣ ግድግዳውን ተደግፎ አለከለከ። ሌሎቹም ተከትለውት ተፉ። እኔ አልተፋሁም። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ፣ እጆቼን ጉልበቴ ላይ ተክዬ፣ ትከሻዬን ወደ ጆሮዬ ሰቅዬ በዚያች ቀጭን ቀዳዳ አየር እስባለሁ። አስተማሪያችን መጥቶ ስትሮውን ከአፌ ነጠቀኝ።

«ምነው አንቺ! መልመጃ እኮ ነው። ለምን አትተፊውም?»

አቀማመጤን እያየሁ ነበር። እጆቼ የተተከሉበት፣ አንገቴ የተሰገገበት ሁኔታ የእኔ አልነበረም። የእህቴ ነበር።

ታናሽ እህቴ አስም ነበረባት። አባታችን የቁስቋም ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ስለሆነ ወላጆቻችን ጠበል አስጠምቀዋታል፤ ጤና ጣቢያም አመላልሰዋታል። አንዳንዴ ተሽሏት ለረጅም ጊዜ እንደ ማንኛውም ልጅ ትሮጣለች። ከዚያ ደመናው ዝቅ ሲል ወይም የጭድ አቧራ ሲነሳ ደረቷ ማፏጨት ይጀምራል። የሞተችው በክረምት፣ ዝናቡ ባባራበት አንድ ረፋድ ነው። እናታችን ገበያ፣ አባታችን ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። እሷ መደቡ ላይ ተቀምጣ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ ተክላ «በሩን ክፈቺልኝ» አለችኝ።

በሩ ክፍት ነበር። ብርሃኑ እግሯ ድረስ ገብቷል።

«ክፍት ነው እኮ» አልኳት።

«ክፈቺው» አለችኝ ደግማ።

ሄጄ ከግድግዳው እስኪጋጭ ገፋሁት። ከዚያ ጎረቤት ልጠራ ሮጥኩ። ይዣቸው ስመለስ ጎኗን መደቡ ላይ ጣል አድርጋ፣ ዓይኗን ወደ በሩ እንዳደረገች ነበረች። ሁለታችንም ልጆች ነበርን። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ስሟ ተጠርቶ አያውቅም። አትጥሩ ያለን ሰው የለም፤ እንዲያው ቀረ።

ሥልጠናው ቀጠለ። ዋናው ሥራችን ማዳመጥ ነበር። ደረት ላይ ማዳመጫ አስቀምጦ ውሃ የቋጠረውን ሳንባ ከተዘጋው፣ የተዘጋውን ከጠበበው መለየት ተማርን። ችግሩ ጆሮዬ ከሆስፒታሉ ግቢ ስወጣም ሥራውን አለማቆሙ ነው። የአዘዞ ታክሲ ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጠችውን ሴትዮ ትንፋሽ እከታተላለሁ። ማኅሌት ሲቆም አባቴ ዜማውን የት ላይ ቆርጦ አየር እንደሚስብ እሰማለሁ፤ ቃሉ ያመልጠኛል። ከሁሉ የከፋው ማሽኑ ነበር። የማሽን ትንፋሽ እኩል ነው፤ አይደክምም፤ አይቸኩልም። የቱቦው መጋጠሚያ ላላ ሲል ግን አየሩ በዚያ ሾልኮ ቀጭን ፉጨት ያወጣል። ያን ፉጨት አውቀዋለሁ። ከማንም ቀድሜ ሮጬ አጠብቀው ነበር። አስተማሪያችን ትጉ ብሎ አመሰገነኝ።

አንዲትን ሴት ባሏ ይዟት የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። ከዳባት በላይ፣ ደጋው ላይ የሚያርሱ ገበሬዎች ናቸው። ተቅማጥ ይዟት ተሽሏት ነበር። ከዚያ እግሯን ነዘራት፤ ከዚያ እግሯ ከዳት፤ ከዚያ እጇ። እኛ ዘንድ ስትደርስ ምራቋን መዋጥ አቅቷት ነበር። ሐኪሞቹ ነርቯን የመታ በሽታ ነው፣ ከጊዜ ጋር ይለቃታል፣ እስኪለቃት ግን ሌላ ይተንፍስላት አሉ። ቱቦ ገባላት፤ ማሽኑ ተገጠመላት። ብዙም ሳይቆይ ከዓይኗ ሽፋን በቀር የሚንቀሳቀስ አካል አልቀራትም።

አስተማሪያችን በአልጋዋ ዙሪያ አቆመን።

«ልብ በሉ፤ ይህች ሴት ነቅታለች። ትሰማለች። መርፌው ያማታል፤ ሲበላትም ማከክ አትችልም። የጎደላት መንቀሳቀስና መናገር ነው።»

እህቴ ብትኖር የምትደርስበት ዕድሜ ላይ ነበረች። ያኔ ይህን ማሰቤን አላስታውስም። ምናልባት አስቤው ገፍቼዋለሁ።

አንድ ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ተነሳና መልሶ ጠፋ። ማሽኑ በባትሪው ጥቂት ከቆየ በኋላ መጮህ ጀመረ። አስተማሪያችን ሌላኛው አልጋ ላይ ወዳሉት ሽማግሌ እየሮጠ «በእጅ ያዢላት! ከራስሽ ትንፋሽ ጋር አስኪጂው!» አለኝ። በእጅ የሚጨመቀውን የአየር ፊኛ፣ እኛ አምቡ የምንለውን፣ አወረድኩና ከቱቦዋ ጋር ገጠምኩት። ስጨምቀው ደረቷ ተነሳ። ስለቀው ወረደ።

ማሽኖቹ ሁሉ ዝም ሲሉ ክፍሉ ባዶ ቤት መሰለ። ፊኛው የሚያሰማት ትንሽ ትንፋሽ ብቻ ቀረች። የመስኮቱ ፀሐይ ዓይኗ ላይ አርፎ ነበርና በሰውነቴ ጋረድኩላት። ከዓይኗ ጥግ እንባ ወደ ጆሮዋ ወረደ። እኔ ስተነፍስ እሷም ትተነፍሳለች፤ እኔ ስዘገይ እሷ ትዘገያለች። ያን ያህል ለሰው ቀርቤ አላውቅም። ጣቶቼ ሲደነዝዙ ባሏን አስጠራሁት። ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ ቤተ ክርስቲያን እንደሚገባ ሰው አጎንብሶ ገባ።

«እታለም፣ እኔ ልያዝላት?»

አሳየሁት። መጀመሪያ ኃይል አበዛ።

«ቀስ በል። ሳንባዋ ይጎዳል።»

ትንሽ ከሞከረ በኋላ እጁ ለስለስ አለ። «ላም እንደ ማለብ ነው» አለ ለራሱ፣ ፊቷን ላለማየት ፊኛው ላይ እንዳፈጠጠ። እየተቀያየርን ቆየን። መብራቱ መጥቶ ማሽኑ ሲረከበን ውጭው ደንገዝገዝ ማለት ጀምሮ ነበር። ሽማግሌው አልተረፉም። እኔ ያን ሁሉ ጊዜ አፌን ሳልከፍት ስጨምቅ የቆየሁ ነበር የመሰለኝ።

ከዚያ ብዙ ሳምንት ተኛች። ቱቦው ከአፏ ወጥቶ በአንገቷ በኩል ገባላት። ወደ ዳባት የሚወስደው መንገድ በጸጥታ ችግር በመዘጋቱ ባሏ ለአጨዳ እንኳ አልተመለሰም።

«አዝመራውስ?» ስለው፣

«ጎረቤት ካጨደው አጨደው፤ ካላጨደውም ይቅር» ይለኛል።

መጀመሪያ ቅንድቧ ተመለሰ፤ ቀጥሎ ከንፈሯ፣ ትከሻዋ። ከማሽኑ ለጥቂት ጊዜ እያላቀቅን ራሷ እንድትተነፍስ እናደርጋት ጀመር። ስናላቅቃት ዓይኗ በፍርሃት ይፈጣል፤ ግንባሯን ላብ ያጠምቀዋል። እጇን ይዤ «እኔ አለሁ፤ በራስሽ ሳቢ» እላታለሁ። ከቀን ወደ ቀን ሳንባዋ ሥራውን አስታወሰ።

ድምጿ የወጣ ቀን ባሏ ከመስታወቱ ውጭ ቆሞ ነበር። በቱቦው ዙሪያ ጉሮሮዋን የሚዘጋውን ትንሽ ፊኛ አረገብኩና አየሩ በአፏ እንዲወጣ የአንገቷን ቀዳዳ በጣቴ ደፈንኩት።

«በይ እስቲ፣ ስምሽን ንገሪኝ።»

ሻከር ባለ፣ ከሩቅ በሚመጣ ድምፅ ስሟን ተናገረች። ባሏ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። እኔም ልስቅ ስል ዓይኔን ትክ ብላ አየችኝ።

«አንቺ ግን በሌላ ስም ነበር የምትጠሪኝ።»

«እኔ?»

«መብራት የጠፋ ለት።»

ጣቴን አነሳሁላት፤ አየር ሳበች፤ መልሼ ደፈንኩት። የእህቴን ስም ጠራችው። ስሙን በሰው አፍ ከሰማሁት ዘመን ሆኖት ነበር።

«‹ክፍት ነው እኮ፣ ክፍት ነው› ትይኝ ነበር። ምኑ ነው የተከፈተው?»

ጣቴ ሳላውቀው ከአንገቷ ተነሳ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለም። ዝም እንዳሰኘኋት ሲገባኝ ቶሎ ብዬ ደፈንኩላት።

«እህቴ ነበረች» አልኳት።

«ሞታለች?»

«አዎ። ትንፋሽ አጥሯት።»

አየር እንድትስብ ጣቴን አንስቼ መለስኩት።

«እኔ የሞትኩ መስሎኝ ነበር። ሞቼ፣ ሌላ ስም ተሰጥቶኝ፣ ሌላ አገር የደረስኩ። በዚያ ስም ስትጠሪኝ በሆዴ ‹አቤት› እልሽ ነበር። ሰው እየጠራ ዝም ማለት ሸጋ አይደለም ብዬ።»

የዚያን ሰሞን እሑድ ከቅዳሴ መልስ እናቴ ምስር ስትለቅም አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሁሉንም ነገርኳት፤ የሴትዮዋን፣ የስሙን፣ የበሩን ነገር። ስሙ ከአፌ ሲወጣ እጇ ሰፌዱ ላይ ቀረ።

«በሩን ክፈቺልኝ አለችሽ?»

«አዎ።»

«እኔ እኮ ተኝታ ያለፈች ነበር የመሰለኝ። እንደዚያ ነበር የነገሩኝ።» ሰፌዱን ወደ ጎን አድርጋ «ምነው እስከዛሬ?» አለችኝ። ቁጣ አልነበረበትም። እሷው ቀጠለች። «እኔም አልጠየቅኩሽ። ሴትዮዋን ልያት።»

ሴትዮዋ ወደ ተራ ክፍል ስትዛወር እናቴ ሚዶና ለጋ ቅቤ ይዛ መጣች። ከረጅሙ መኝታ የተነሳ የሴትዮዋ ፀጉር እንደ ሱፍ ተያይዞ ነበር። እናቴ ከኋላዋ አልጋው ላይ ወጥታ ተቀመጠችና ከጫፍ ጀምራ ትፈታው ጀመር።

«ሲያምሽ ንገሪኝ፣ የኔ ልጅ።»

«ኧረ እናቴ፣ ሸጋ ነው። ሰው ሲነካኝ መሰማቱም ሸጋ ነው።»

እናቴ እየተመላለሰች ፀጉሯን ፈትታ፣ ቀብታ፣ ሹሩባ ሠራቻት። ስሟን እንዳትስት የምትጠነቀቅ ይመስል ቃሉን እየለየች ትጠራት ነበር። አንድ ቀን መድኃኒት ይዤ ስገባ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ስትጠይቃት ሰማሁ።

«የልጄን ስም ስትሰሚ አልፈራሽም?»

«አልፈራሁም። ብቻዬን አልነበርኩም።»

«ማን ነበር?»

«እኔ እንጃ፣ እናቴ። ሁለት ሆነን የምንተነፍስ ይመስለኝ ነበር።»

ሁለተኛዋ እኔ እንደነበርኩ ማስረዳት እችል ነበር። የትንፋሼን ልክ ከፊኛው ጋር እንዴት እንዳስኬድኩ፣ ጆሮዋ አጠገብ እንዴት እንደምተነፍስ ልነግራቸው እችል ነበር። እናቴ ግን ሚዶውን እንደያዘች ወደ መስኮቱ ትመለከት ነበር፤ ፊቷ ላይ ያየሁትን ነገር መንካት አልደፈርኩም። መድኃኒቱን አስቀምጬ ወጣሁ።

መንገዱ ሲከፈት ባሏ አዝሎ መኪናው ላይ አወጣት። እግሯ ገና አልጸናም ነበር። እናቴ እስከ መናኸሪያው ሸኘቻት። እኔም ሥልጠናዬን ጨርሼ እዚያው ክፍል ሥራ ጀመርኩ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው በእጄ ተንፍሷል፤ የዳነም፣ ያልዳነም። አምቡ በያዝኩ ቁጥር ከንፈሬን እነክሳለሁ፤ ምን እንደምናገር ስለማላውቅ።

ከክረምቱ በኋላ ሴትዮዋ ደወለችልኝ። በምርኩዝ ቤተ ክርስቲያን እንደምትሳለም ነገረችኝ። ድምጿ ጠርቶ ሌላ ሰው መሰለችኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለችኝ። «እዚህ ንፋሱ አያርፍም። አንዳንዴ ድንገት ጸጥ ሲል ግን እኔም መተንፈሴን እተዋለሁ። ሌላው እስኪተነፍስልኝ የምጠብቅ ይመስለኛል። ከዚያ ደንግጬ እስባለሁ። በሽታው ነው?»

«አይደለም። ሰውነትሽ ለምዶት ነው፤ ቀስ እያለ ይተውሻል» አልኳት፣ በተማርኩት ቋንቋ።

«አንቺንስ ይተውሽ ይሆን?»

ስልኩን ያልያዘው እጄ የሥራ ልብሴ ኪስ ውስጥ ነበር። ጨበጥ፣ ፈታ ያደርጋል። መቼ እንደጀመረ አላውቅም።

«እኔ እንጃ» አልኳት።

ባሏ ስልኩን ተቀብሎ ዘንድሮ ገብሱ ሸጋ መሆኑን ነገረኝ። መንገዱ ሰላም ከሆነ ለጥምቀት ይዟት እንደሚወርድ፣ እናቴን ካላየሁ እያለች ማስቸገሯን አጫወተኝ። ይህን ለእናቴ ነገርኳት። በማግስቱ ስሄድ ጓዳውን አራግፋ፣ ግድግዳውን በአዲስ ጭቃ መርጋ፣ ንጹሕ አንሶላ አንጥፋ አገኘኋት። ጥምቀት ገና ሩቅ ነበር። በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ አጠገቡ ተቀምጣለች። ማንን እንደምትጠብቅ አልጠየቅኋትም።