ድሪል ያዳነው ፖሊመር

ካዛንቺስ ባለ አንድ የምርምር ላብራቶሪ ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ ከፍሪዘር የወጣ ብልቃጥ ልከፍት እጄን ስሰድ አለቃዬ ዶክተር ሰናይት "እንዳትነኪው!" ብለው ጮኹ። ክው አልኩ።

ብልቃጡ ውስጥ ያለው ፖሊመር፣ ማለትም ፕላስቲክ መሰል ነገር፣ እርጥበት ሲያገኝ ቀስ በቀስ ይፈርሳል። ቅዝቃዜው ሳይለቅ ከተከፈተ ከአየሩ እርጥበት ስቦ ይበላሻል። ስለዚህ የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ ብልቃጥ እስኪሞቅ ቁጭ ብሎ ማየት ሆነ። ኬሚስትሪ የተማርኩት ለዚህ ነው?

ቀስ እያልኩ ሙያውን ለመድኩት። ፖሊመሩንና መድኃኒቱን በማሟሚያ እናሟሟለን፤ የኤሌክትሪክ ማማሰያ በሚያሽከረክረው ውሃ ላይ እናንጠባጥባለን። ማሟሚያው ተንኖ ሲያልቅ ጠብታዎቹ በዓይን የማይታዩ ክብ እንክብሎች ይሆናሉ። እነዚህ ሰውነት ውስጥ እየፈረሱ መድኃኒቱን በጥቂት በጥቂቱ ይለቃሉ። ማማሰሉ ከመሃል ከቆመ ግን በቃ፣ ሁሉም ተጣብቆ ማስቲካ ነው።

በሦስተኛው ዓመቴ አንድ ብልቃጥ ብቻ ቀረን። በሳምንቱ መድኃኒቱን በአይጦች ላይ መሞከር ካልተጀመረ የዶክተር ምርምር ይዘጋል። አንጠባጥቤ ጨርሼ ሃያ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ፣ መብራት እልም! ጄኔሬተሩም ተበላሽቷል።

ዶክተር የመስታወት ዘንግ አንስተው በእጃቸው ማማሰል ጀመሩ። "ክንዴ ሳይዝል አንድ ነገር አድርጊ እንጂ!"

ደረጃውን እየዘለልኩ ወረድኩ። ከእኛ በታች፣ ምድር ቤቱ ላይ፣ ጋሽ ከድር የአሉሚኒየም በርና መስኮት ይሠራሉ።

"ጋሽ ከድር፣ የባትሪውን ድሪል ያውሱኝ!"

"ምን ልትበሺ?"

"ላማስልበት ነው!"

"ወጥ?"

"መድኃኒት!"

"ወይ ጉድ! ድሪሌንማ ለማንም አላውስም። ራሴ እመጣለሁ።"

ትርፍ የማማሰያ ዘንግ ድሪሉ አፍ ላይ አሰርንና መስኮቶቹን ሁሉ ከፈትን፤ የማሟሚያው ሽታ ራስ ያዞራል። ሦስት ሰዓት ሙሉ ተፈራረቅን። ባትሪ ሲቀየር ዶክተር በዘንጋቸው ይቀጥላሉ።

"ቀስ ይበሉ፣ ጋሽ ከድር!"

"ዶክተር፣ ድሪል የማውቀው እኔ ነኝ ወይስ እርስዎ?"

በሳቅ ፍርስ አልን።

መብራቱ አልመጣም። በመስታወት የፀሐይ ብርሃን የሚወስደውን አሮጌ ማይክሮስኮፕ መስኮት ላይ አስቀምጬ ጎንበስ አልኩ። ክብ፣ ክብ፣ ክብ! ዶክተር እልልታቸውን አቀለጡት። ሙከራው በቀኑ ይጀመራል!

ጋሽ ከድርም አዩ፤ ብዙ ቆዩ።

"ይሄን የሠራሁት እኔ ነኝ?"

"እርስዎ ነዎት።"

"ሃያ ዓመት ሙሉ አራት ማዕዘን ስሠራ ኖሬ፣ ክብ ነገር ዛሬ ገና ሠራሁ" አሉና ድሪላቸውን ታቅፈው ወረዱ።

ለአዲስ ቴክኒሻኖች የምለው ይኸው ነው፦ ማማሰያው ሲቆም መጀመሪያ በእጃችሁ ቀጥሉ፤ ከዚያ ጎረቤት ጥሩ።