ጋሽ ሰይድ የወጧቸው ሃያ ሁለት ደረጃዎች

ሐይቅ ከተማ የስፖርት መምህር ሆኜ ሥራ በጀመርኩበት ቀን ርዕሰ መምህሩ የዕቃ ክፍሉን ከፍተው አሳዩኝ። ከጦርነቱ የተረፈው አንድ የተነፈሰ ኳስ ነበር።

«ተማሪዎቹን በምን ልታሠራቸው ነው?» አሉኝ።

«ፎቅ አለን፤ በደረጃው አሠራቸዋለሁ።»

ደረጃ መውጣት የራስን ክብደት በጭን ማንሳት ነው። መላው እግር ደረጃው ላይ ያርፋል፤ እጅ መደገፊያውን ይነካል እንጂ ሰውነትን አይጎትትም። ይህን ለተማሪዎቹ ሳስረዳ የሒሳብ መምህሩ ጋሽ ሰይድ ከዘራቸውን ተደግፈው ያዳምጡ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ፍንጣሪ ጭናቸውን መቷቸዋል።

«እኔንም አሠራኝ» አሉኝ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል የሚማረው ፎቅ ላይ ነው፤ በምድር ቤቱ ክፍሎች ተፈናቃዮች ሰፍረዋል። ጋሽ ሰይድ እስከ ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት መውጣት ካልቻሉ ክፍሉ ለሌላ መምህር ይሰጣል ተብለዋል።

ሐኪማቸው ከፈቀዱላቸው በኋላ ከታችኛዋ ደረጃ ጀመርን። ሲወጡ ደህናው እግር ይቀድማል፤ ሲወርዱ የተጎዳው። የወጡትን በየቀኑ ደብተሬ ላይ እጽፍ ነበር። በወሩ ሃያ ሁለቱንም ጨረሱ። ለርዕሰ መምህሩ በኩራት ነገርኳቸው።

«እስቲ አብረን እንይ» አሉ።

ያን ቀን ተማሪዎቹ ፈተና ላይ ስለነበሩ ደረጃው ጭር ብሏል። ጋሽ ሰይድ ስምንተኛው ላይ ሲደርሱ ጭናቸው ተንቀጥቅጦ ቆሙ። ያኔ ገባኝ። በየቀኑ ልጆቹ «አብሽሩ ጋሼ» እያሉ በግራና በቀኝ ክንዳቸውን ደግፈው ያወጧቸው ነበር። እዚህ አገር የተቸገረን ሰው ቆሞ ማየት ነውር ነውና ለእኔም እንደ እገዛ አልታየኝም። ደብተሬ ላይ የሰፈረው የልጆቹ ጉልበት ነበር።

«ወላሂ እኔም በራሴ የወጣሁ መስሎኝ» አሉ ጋሽ ሰይድ።

ርዕሰ መምህሩ «ሁለት ሳምንት ጨምሬላችኋለሁ» አሉን።

በማግስቱ ጋሽ ሰይድ ባሉበት ተማሪዎቹን ሰበሰብኩ። «መጽሐፋቸውን ያዙላቸው፤ ክንዳቸውን ግን አትንኩ።»

«ቢወድቁስ?» አለች ሐያት የምትባል ተማሪ።

«ከኋላቸው እኔ አለሁ።»

«ከወደቅሁማ አንተንም ይዤህ ነው የምወርድ» አሉ ጋሽ ሰይድ።

ከላይ ቆሞ መጠበቅ ለልጆቹ ከበዳቸው፤ ሐያት ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞር ነበር። ሁለቱ ሳምንት ሲያልቅ ጋሽ ሰይድ አሥራ አራተኛው ላይ አረፍ ብለው ሃያ ሁለቱንም ብቻቸውን ወጡ። ከክፍለ ጊዜው ሩቡ አልፏል።

«አልሐምዱሊላህ። ደብተር አውጡ» አሉ።

ርዕሰ መምህሩ ክፍሉን አልወሰዱባቸውም፤ በዕረፍቱ ሰዓት ቀስ ብለው እንዲወጡ የእሳቸውን ክፍለ ጊዜ ከዕረፍት ቀጥሎ አደረጉት።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሳሠራ፣ ስንት ደረጃ እንደወጣ ከመጻፌ በፊት ማን እንደደገፈው አያለሁ።