ለቶይቮ ልጆች የተጠረገ መንገድ

ቶይቮ ሚኒሶታ ውስጥ የሐይቅ ዳር ጎረቤቴ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ግንድ ሲቆርጥ ኖሮ፣ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ አባቱ በሠራው የእንጨት ቤት ብቻውን ይኖራል። አያቶቻችን ከፊንላንድ ይዘውት በመጡት ልማድ፣ የገና ዋዜማ ቤተሰቡ ሁሉ ሳውና፣ ማለት የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት፣ ገብቶ ሳይታጠብ ማዕድ አይቀርብም።

ዘንድሮም በረዶው መስኮት ድረስ ተቆልሎ እያለ፣ ሽማግሌው ከጠዋት ጀምሮ የሳውናውን ምድጃ ሲያነድ ዋለ። ለራሱና ከከተማ ለሚጠብቃቸው ልጆቹ ስድስት ፎጣም ሰቀለ። እኔ በረዶ ጠራጊ ነኝ፤ መንገዱን እስከ ደጃፉ ድረስ በማለዳ ጠርጌለት ነበር።

ከሰዓት በኋላ እሳት ልሞቅ እሱ ቤት ስገባ ስልኩ ጮኸ። ከተማ የምትኖረው ልጁ ሚርያ ናት። ድምጿ እኔ ድረስ ይሰማል።

«አባዬ፣ መንገዱ ተዘግቷል አሉ። በቃ፣ ለሌላ ጊዜ ይሁን።»

ደሜ ፈላ። ልናገር ስል ቶይቮ በዓይኑ ገሠጸኝ።

«አዎ የኔ ልጅ፣ በረዶው ደረት ይደርሳል። እንዳትሞክሩት!» ብሎ ዘጋ።

«ጋሽ ቶይቮ፣ ምን ነካህ? እኔ ራሴ የጠረግኩትን መንገድ!»

«አትጩህብኝ። ይልቅ ልብስህን አውልቅና ግባ፤ ያ ሁሉ እንጨት በከንቱ ይንደድ?»

ሁለታችን ታጠብን። አራቱ ፎጣ እንደ ደረቀ ቀረ።

ስወጣ በረዶው እንደ አዲስ መጣል ጀምሯል። ቶይቮ በሩ ላይ ቆሞ መንገዱን አየና፣

«ነገ እዚህ ድረስ አትጥረግ» አለኝ። «ልጄን ውሸታም አታድርግብኝ።»