ከጦጣዎች ጋር ገበያ ያቋረጠው መነጽር ጠጋኝ

ከፔርሙዙ የፈላ ውሃ በጣሳ ይቀዳል። የተጣመመውን የመነጽር እጀታ እስኪለሰልስ ይነክረውና በሁለት አውራ ጣቶቹ መሀል ይዞ ቀስ እያለ ያቃናዋል። ከተቻኮለ ይሰበራል፤ ከዘገየ መልሶ ይደርቃል። ቀጥ ሲልለት አጠገቡ ባለው ባልዲ፣ ቀዝቃዛ የምንጭ ውሃ ውስጥ ይከተዋል። ቀጥሎ ቡሎኗ ናት፤ ከሰሊጥ ፍሬ አትበልጥም። ማግኔት በነካው ካቻቢቴ ጫፍ ያነሳታል፣ ያጠብቃታል፣ እንዳትላላም ጠብታ የጥፍር ቀለም ይቀባታል። ቀለሙን የሚሰርቀው ከሚስቱ ነው፤ የጠገናቸው መነጽሮች ሁሉ ማጠፊያቸው ላይ ቀይ ነጥብ አለባቸው።

«ይሞክሩት እስቲ። ጆሮዎን ቆነጠጠዎት?»

ሰዉ «ሐኪሙ» ይለዋል። ሱቁ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ጃንጥላና ሁለት በርጩማ ነው፤ የምንጩ መናፈሻ በር አጠገብ። መነጽር ጠጋኝ መናፈሻ በር ላይ ምን ይሠራል የሚል ወደ ውስጥ ይግባና ይይ። ምንጩ ከድንጋይ ሥር ይፈልቃል፤ ውሃው ከመጥራቱ የተነሳ ኤሊዎቹ ከታች ሲራመዱ ጥፍራቸው ይቆጠራል። ዳክዬው ለብቻው፣ ዓሣ አዳኙ ወፍ ለብቻው ሥራ ላይ ነው። ዛፉ ላይ ደግሞ ጦጣዎቹ አሉ። ጎብኚው ኤሊ ለማየት ጎንበስ ካለ አለቀ፤ መነጽሩ ቅርንጫፍ ላይ ነው።

ሐኪሙ ራሱ መጀመሪያ የመጣው ለሽርሽር ነበር። የሚስቱን መነጽር ጦጣ ሲሞጨልፍባት እሱ እፍኝ ለውዝ ዘረጋ። ጦጣው መነጽሩን ጥሎ ለውዙን ተቀበለ። እጀታው ተጣሞ ነበርና እዚያው አቃናው። ይህን ያየ ሌላ ጎብኚ «ጋሼ፣ የእኔንም!» አለው። ብዙም ሳይቆይ ከተማ የነበረችውን የጥገና ቦታውን ለቆ፣ ጠረጴዛውን ተሸክሞ መጣ። በለውዝ ያስመልሳል፣ ይጠግናል። ገበያው ደራ።

አንድ ቀን የመናፈሻው ሥራ አስኪያጅ አስጠራችው።

«ጋሼ፣ ጦጣዎቹን ያሠለጠኗቸው እርስዎ ነዎት እየተባለ ነው።»

«እኔ? ምነው እትዬ! የገዛ ልጄን ጫማውን በር ላይ እንዲያወልቅ ማሠልጠን ያቃተኝ ሰው!»

«ድሮ የሚነጥቁት ዳቦና ሙዝ ነበር። አሁን ዳቦውን ትተው መነጽሩን ነው የሚወስዱት። ለምን ይመስልዎታል?»

ኪሱ ለውዝ ሞልቶታል።

«የትምህርት ቤት እረፍት እስኪደርስ ንጥቂያው ካልቀነሰ ጠረጴዛዎን ያነሳሉ።»

የት ሊሄድ? የከተማዋ ቦታው በሌላ ሰው ተይዛለች። ለውዝ በዚያው ቀን ቆመ። ዘበኛውንም አይስክሬም ሻጯንም ምንም እንዳይሰጡ ለምኖ አሳመነ። ጦጣዎቹ ግን ውል እንደፈረሰበት ነጋዴ ሆኑ። አንዷማ የሰው መነጽር አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና እጇን ዘረጋች።

«ደረሰኝ ልስጥሽ?» አላት።

መነጽሩን መልሳ ይዛ ዛፉ ላይ ወጣች።

በዚያው ሰሞን አማቱ ከሚስቱ ጋር ኤሊ ለማየት መጡ። በሩን ከማለፋቸው ያችው ጦጣ መነጽራቸውን ከአፍንጫቸው ላይ አነሳች።

«አንተ! ለውዝህን አውጣ!»

«እማማ፣ አቁሜያለሁ።»

«ማቆምህን ነገ ጀምር!»

ሚስቱም ጣልቃ ገባች። «ለእናቴ እንኳ?»

«ዛሬ ከሰጠኋት ነገ ጠረጴዛዬን ተሸክሜ ቤት ነው የምገባው። ይቀመጡ እማማ። ዛፉን ብቻ አይዩ።»

አማቱ እያጉረመረሙ ለዛፉ ጀርባቸውን ሰጡ። እሱ በዓይናቸው ፋንታ ኤሊዎቹን ይነግራቸው ጀመር።

«አንዱ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። ሌላው ልውጣ እያለ ይንሸራተታል።»

«ከላይ ያለው አማቹ ነው ማለት ነው። እያየ ዝም ይላል።»

ጦጣዋ እጀታውን አኘከች፣ በመስታወቱ ገልብጣ አየች፣ አንቀጫቀጨችው። የሚጮህ የለም፤ የሚለምን የለም። በመጨረሻ ሰለቻትና ለቀቀችው፤ ሣሩ ላይ ወደቀ። ሐኪሙ ጦጣዋ እስክትርቅ ከተቀመጠበት አልተነሳም። ከዚያ አንስቶ አየው፤ አንዱ እጀታ ተበልቷል። ከአሮጌ መነጽር ነቅሎ ተካለት፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቡናማ ሆነ። አማቱ አጥልቀው ምንጩን አዩ።

«ዋሽተኸኛል። ድንጋዩ ላይ ያሉት ሦስት ናቸው።»

እረፍቱ ሲደርስ ንጥቂያው ጨርሶ ባይጠፋም ቀንሶ ነበርና ጠረጴዛው ከቦታው አልተነሳም። የመነጽር ሥራም አብሮ ስለቀነሰ አሁን የቦርሳ ዚፕና የጃንጥላ ሽቦ ይጠግናል። ቅር ይለው እንደሆነ ሲጠየቅ «ዚፕ ጦጣ አይፈልግም፤ በራሱ ይበላሻል» ይላል። የሚያሰጋው አዲስ ጎብኚ ነው፤ አንድ ሰው እፍኝ ከሰጠ ጦጣዎቹ ወደ ድሮ ገበያቸው ይመለሳሉ። ስለ እሱ ሊጻፍ መሆኑን ሲሰማም የለመነው ይህንኑ ነው፦

«ለአንባቢዎችህ ንገርልኝ። ምንጩ ጋ መጥታችሁ መነጽራችሁ ከተወሰደ፣ እባካችሁ ምንም አትስጡ። አትጩሁ፣ ወደ ላይም አትዩ። ቁጭ በሉና ኤሊዎቹን እዩ። ከደበዘዙባችሁ ጥሩኝ፣ መጥቼ እነግራችኋለሁ።»