ሱልጣና ጠለፈችኝ

ሱልጣና ቂም አትይዝም የሚል ሰው ካለ ሱልጣናን አያውቃትም። ኮምቦልቻ ተማሪ ሳለች የጎረቤት ልጅ እርሳሷን ሰበረባት። ልጁ አድጎ፣ ጺም አብቅሎ ሚስት ሲያገባ ሠርጉ ላይ ተጠርታ ሄደችና እርሳሷን ጠየቀችው። ታዳሚው ሳቀ፣ ሙሽራውም ሳቀ፣ እሷ አልሳቀችም። "የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም" የሚለውን ተረት ሌላው ሰው ለነገር ማጣፈጫ ይጠቅሰዋል። እሷ ትኖርበታለች።

እንግዲህ አሠሪዋ ሰሚያ ካውያ አስይዛ በቴሌቪዥን ያሳየቻት እንዲህ ያለችውን ሴት ነው።

ሱልጣና መርፌ መያዝ የተማረችው ኮምቦልቻ ገበያ አጠገብ፣ የልብስ ሰፊው የፈረጅ በረንዳ ላይ ነው። ፈረጅ ነገረኛ ሽማግሌ ነበር። የሰፋው ልብስ ሁሉ አንገትጌ ውስጥ፣ ከውጭ በማይታይበት ቦታ፣ በቀይ ክር "ፈረጅ ሰፋኝ" ብሎ ይጽፋል፤ ልክ ልብሱ ራሱ እንደሚናገር። ለምን ብላ ብትጠይቀው፣ ልብስ ይሸጣል፣ ይሰረቃል፣ ይወረሳል፣ ባለቤቱ ይለዋወጣል፣ የሰፋው ሰው ግን አንድ ነው አላት። ጥልፍ ሲያስተምራትም ከአበባውና ከሐረጉ በፊት ያስያዛት ይህችኑ ነገር ነበር፦ "ሱልጣና ጠለፈችኝ"። ደግሞም ሳይተርባት አላለፈም። አማርኛ ተንኮለኛ ነው፤ መጥለፍ ማለት ጨርቅ ማስጌጥም ነው፣ ሰውን በእግሩ ጠልፎ መዘረርም ነው፤ ያንቺን ጠባይ ሳየው ሁለቱንም ሳትሠሪ አትሞቺም አላት። ስንት የኮምቦልቻ ሙሽራ ያቺን ጽሑፍ በቀሚሷ ጫፍ ውስጥ ይዛ እንደተዳረች አላህ ይወቀው።

ወደ ሻርጃ ያመጣት ኤጀንሲ ነው። እንደ አብዛኛው ስደተኛ ሰው ቤት ገባች፣ አጠበች፣ ጠረገች። ከዚያ የአሠሪዋ የማዳም ዓባያ፣ ያ ሰፊ ጥቁር ቀሚስ፣ ተቀዶ ስትጠግነው የተቀደደው ቦታ ካልተቀደደው በለጠ። ያ ወሬ ከቤት ቤት ዞሮ ሰሚያ ጆሮ ደረሰ።

ሰሚያ ወላጆቿ የወሎ ሰዎች ናቸው፤ እሷ ግን የተወለደችውም ያደገችውም እዚያው ሻርጃ ነው። ዱባይ ሚርዲፍ ሰፈር ቪላ አላት፣ አጅማን ከተማ ደግሞ የሠርግ ቀሚስ የሚሰፋበት ቤት። አማርኛዋ የእናቷ ስለሆነ ለዛው ልብ ይሰርቃል። ሱልጣናን ስትቀበላት፣ "ማዳም እንዳትይኝ፣ እህትሽ ነኝ" አለቻት። ሱልጣናም አመነች። ሞኝ አልነበረችም፤ ነገር ግን በስደት አገር "እህትሽ ነኝ" የሚል አማርኛ ሲሰማ ማን ልቡን ይቆልፋል?

ኮሮና መጣ። ሠርግ ተከለከለ፣ ቀሚስ የሚያዝ ጠፋ፣ አጅማን ያለው ቤት የአፍ መሸፈኛ መስፋት ጀመረ። ሰሚያ ያን ጊዜ ነው አንድ የዱባይ ቴሌቪዥን ባዘጋጀው የዲዛይነሮች ውድድር የተመዘገበችው። ውድድሩ ለአንዲት ሴት ገላ ብቻ ተለክቶ፣ ከላይ እስከ ታች በእጅ የሚሠራ ውድ ቀሚስ፣ ኦት ኩቱር የሚሉትን፣ አቅርቦ ዳኞች ፊት መቆም ነው። ቅርጹን ሰሚያ ትቆርጣለች፣ ጥልፉን ሱልጣና ትሠራለች። የረዳ ሰው ካለ ስሙ ይነገር የሚል ደንብ ነበረው፤ ሰሚያ ማንም አልረዳኝም ብላ ፈረመች። ለሱልጣና ግን ሌላ ነገር ነበር የነገረቻት። "የቴሌቪዥኑ ሰዎች መስፊያ ቤቱን ሊቀርጹ ይመጣሉ፤ ያን ቀን ስምሽን ዓለም ይሰማዋል፣ ዋላሂ።"

ሱልጣና ለእናቷ ደወለች። እናቷ ለሰፈሩ ተናገሩ። ዲሽ ያለው ጎረቤት ቤት ሰው ተሰበሰበ።

ቀራጮቹ የመጡ ቀን ሰሚያ በሱልጣና ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ የሱልጣናን መርፌ ያዘች፣ የተወጠረው ጨርቅ ላይ አንገቷን ደፋ አደረገች። ሱልጣናን ደግሞ ወደ ጥግ ገፋ አድርጋ ካውያ አስያዘቻት። ጋዜጠኛዋ በዓረብኛ ያቺ ማን ናት ብላ ስትጠይቅ ሰሚያ ፈገግ ብላ አንድ ቃል መለሰች። ካሜራው ጠፍቶ ሁለቱ ሲቀሩ ሱልጣና ምን አልሻቸው አለቻት።

"ምን ልበላቸው ታዲያ? ልብስ ተኳሽ ናት አልኳቸው።"

ቀረጻው በቴሌቪዥን በተላለፈ ማግስት እናቷ ደውለው አላለቀሱም፣ አልተቆጡም። ሰዉ ግን አንቺን ካውያ ይዘሽ ሲያይ እርስ በርሱ ተያየ፣ ልጄ፣ ጥልፉስ የታለ አሏት። ሱልጣና ስልኩን ዘግታ የተከራየችው አልጋ ላይ ተቀመጠች። አል ናህዳ ሰፈር፣ ቤድ ስፔስ በሚሉት፣ አልጋ አልጋው በሚከራይበት ክፍል ውስጥ አብራት የምትኖረው ሹኩሪያ ዱባይ ማሪና ሆቴል ስታጸዳ ውላ ገብታ ፊቷን ስታይ የታመመች መሰላትና ግንባሯን ዳሰሰቻት። ሱልጣና አልታመመችም። ተኳሽ ብላኛለች፣ እያለች ነበር በሆዷ፤ ተኳሽ ደግሞ ያነጣጥራል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። ሰሚያ ስሟን በቴሌቪዥን፣ በገዛ አፏ፣ ኮምቦልቻ ድረስ በሚሰማ ድምፅ እንድትጠራ። በውድም ሆነ በግድ። ሰግዳ ስትነሳም ይኸው ነበር ሐሳቧ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ በዚያ ዘመን ሳል ይዞ እንኳን ስርቆት ሱቅም መግባት አይቻልም ነበር፣ ቂም ይዞ መስገድን የሚከለክል ግን አልነበረም።

ቀኑ ራሱ እጇ ላይ መጣ። ለመጨረሻው ዙር ከውጭ አገር ይመጣሉ የተባሉት ዳኛ በረራ ስለተዘጋ ቀሩ። በእሳቸው ቦታ ዱባይ የምትኖር፣ ለትልልቅ መደብሮች ቀሚስ መርጣ የምትገዛ ባለሙያ ተተካች። ስሟ ናኦሚ ነው፣ የአዲስ አበባ ልጅ። የዙሩም ርዕስ "የመጣሁበት" ተባለ፤ ተወዳዳሪው ሥሩን በቀሚሱ ያሳይ ነው ነገሩ።

ሰሚያ ደስ አላት። በቀሚሱ ጭራ፣ ከኋላ መሬት በሚጎተተው ጫፍ ዙሪያ፣ የአማርኛ ፊደል ይጠለፍበት፣ ወሎየነቴ ይታይ አለች።

"ምን ብዬ ልጥለፍበት?" አለች ሱልጣና።

"የአያት ምርቃት ነገር። አንቺ ታውቂበት የለ።"

እዚህ ላይ ሱልጣና የምታውቀውንና ሌላው የማያውቀውን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሰሚያ ያን የመሰለ አማርኛ ይዛ ፊደል አልቆጠረችም። ሱልጣና በአማርኛ ጽፋ መልእክት ስትልክላት ሁልጊዜ "ዓይኔን ያመኛል፣ በድምፅ ላኪልኝ" ትላለች። የክር ሣጥኖቹ ላይ ሱልጣና ነጭ፣ ወርቃማ፣ ቀይ ብላ የጻፈችውን ትታ አንድ በአንድ እየከፈተች ነው የምትፈልገውን የምታገኘው። እንዳታፍር ብላ ሱልጣና አንድም ቀን አንስታባት አታውቅም። እህቷ ነበረቻ።

ጠለፈችው። በጥቁር ሰማያዊ ሐር ላይ፣ በወርቃማ ክር፣ ሆሄውን ከሐረግ ጋር እያጠላለፈች የጭራውን ዙሪያ በሙሉ "ሱልጣና ጠለፈችኝ፣ ሱልጣና ጠለፈችኝ" አለችበት። ፈረጅ የደበቀውን እሷ ወደ ውጭ አወጣችው። ሹኩሪያ ሰምታ ደነገጠች። ቪዛሽ እጇ ላይ ነው፣ ተያት፣ ለአላህ ስጫት ብላ ለመነቻት።

"ለአላህማ ሰጥቻታለሁ" አለች ሱልጣና። "እኔ መርፌውን ብቻ ነው የማቀብለው።"

ይሁንና አንድ በር ክፍት ትታ ነበር። ጽሑፉን ዙሪያውን የሚሸፍን ዳንቴል አዘጋጅታ ኪሷ ውስጥ ይዛለች። የመጨረሻው ውድድር ቀን፣ ስቱዲዮው ውስጥ ከመጋረጃው ኋላ፣ ሞዴሏ ቀሚሱን ለብሳ ስትቆም ሰሚያን ጠጋ ብላ፣ ዛሬስ ስሜን ትጠሪዋለሽ ብላ ጠየቀቻት። እሺ ብትላት ዳንቴሉን በመርፌ ቁልፍ ለማያያዝ ጊዜ ነበራት። ሰሚያ መስተዋት እያየች ነበር።

"አሁን ደግሞ ይሄን ታመጪብኛለሽ? ያላ፣ ካውያሽን ያዢና ጭራውን አስተካክዪ።"

ሱልጣና ካውያዋን ያዘች። ጭራውን እጅግ አድርጋ አስተካከለችው። ዳንቴሉ ኪሷ ውስጥ ቀረ።

ድሮ ቢሆን ዳኞቹ ከወንበራቸው ተነሥተው ቀሚሱን ይዳስሳሉ፣ ገልብጠው ስፌቱን ያያሉ። ኮሮና ይህን ከለከለ። ዳኞቹ ተራርቀው ተቀመጡ፣ ቀሚሱን በካሜራ አቅርቦ ግድግዳ በሚያክል ስክሪን ላይ ማሳየት ሆነ። ናኦሚ ጭራሽ ስቱዲዮም አልመጣችም፤ ኮሮና ከያዘው ሰው ጋር ተገናኝታ ስለነበር ከቤቷ እንዳትወጣ ታዝዛ በቪዲዮ ነበር የምትዳኘው። ተመልካቹም እንዲሁ፣ በየቤቱ። ስርጭቱ ቀጥታ ነው፣ ኮምቦልቻም እያየ ነው።

ዋናው ዳኛ ዐብዱልአዚዝ ቀሚሱን ስክሪኑ ላይ አይቶ መዘነው። ወገቡ ላይ ቆረጣው ደርቋል፣ ትከሻው ሞዴሏ ስትራመድ ይሸሻል አለ። "ይህን ቀሚስ ያቆመው ጥልፉ ነው። ጥልፉ ባይኖር ጥሩ ጨርቅ ብቻ ነበር። ይህች እጅ ታሸንፋለች።" ሰሚያ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ዝቅ አለች። ሱልጣና ከመጋረጃው ኋላ የገዛ እጇን አየች።

ጽሑፉስ ምን ይላል ብለው ሲጠይቋት ሰሚያ መሸፈኛዋን ከአፏ ዝቅ አድርጋ፣ የወሎ አያቴ ምርቃት ነው፣ ከፍ በይ፣ ዘርሽ ይባረክ የሚል ነው ብላ በዓረብኛ አስረዳች። ዓይኗ ሁሉ እንባ አቀረረ። እንዲህ አሳምሮ መዋሸትም ሙያ ነው።

ናኦሚ ከቤቷ ሆና፣ ካሜራው በጭራው ዙሪያ ቀስ ብሎ ይዙርልኝ አለች። ዞረላት። ወርቃማዎቹ ፊደሎች እያንዳንዳቸው የሰው ቁመት አክለው ስክሪኑ ላይ አለፉ። ናኦሚ ድንገት በአማርኛ ተናገረች።

"ሰሚያ፣ እስቲ አንብቢልኝ።"

ሰሚያ ወደ ስክሪኑ ዞረች። መብራቱ ዓይኗን እንደያዛት ተናገረች። ናኦሚ ታገሠቻት። ሰሚያ አንዱን ሆሄ ከሌላው መለየት እንደማትችል ያን ጊዜ ለሁሉም ግልጽ ሆነ።

"እኔ ላንብበው። 'ሱልጣና ጠለፈችኝ' ነው የሚለው፤ ዙሪያውን ያው ነው" አለች ናኦሚ። "ሱልጣና ማን ናት?"

ከዚያ ለባልደረቦቿ ተረጎመችላቸው። ዐብዱልአዚዝ እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ረዳት የለኝም ብላ ፈርማለች፣ የራስን ያልሆነ እጅ የራስ አድርጎ ያቀረበ ከውድድሩ ይወጣል፣ ደንቡ ይኸው ነው አለ። ቀጥሎ የምትለው ካለ ትናገር ብሎ ሰሚያን ጠየቃት።

ሰሚያ ዓረብኛውም እንግሊዝኛውም ጠፋት። ዞር ስትል ከመጋረጃው ጥግ ካውያ ይዛ የቆመችውን ሱልጣናን አየቻት። መሸፈኛ ከፊቷ ዓይኗን ብቻ ነው ያስቀረው፤ ዓይኗ ግን በቂ ነበር። ሰሚያ ገባት። ማይክራፎኑ ደረቷ ላይ፣ ካሜራው ፊቷ ላይ እንዳለ፣ ከእናቷ የወረሰችው አማርኛ ብቻ ከለቅሶ ጋር ወጣላት።

"ሱልጣና ጠለፈችኝ።"

ፊደል ያልቆጠረችው ሰሚያ የቀሚሱን ጽሑፍ አንድ ሆሄ ሳታጎድል አነበበችው። ሱልጣና አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ከሞላ ጎደል አላዘነችም፣ አልጸጸታትም፣ እንዲያውም አንዴ ብትደግመው ወዳ ነበር።

ውጪ፣ መኪና ማቆሚያው ጋ ሰሚያ እያለቀሰች በአጠገቧ አለፈች። ቪዛሽን አሰርዛለሁ፣ ኸላስ፣ በቃ፣ አገርሽ ግቢ አለቻት። ሱልጣና ካውያውን መሬት ላይ አስቀምጣ፣ ይኸውልሽ ንብረትሽ፣ ያንቺ ይህ ብቻ ነው አለች። የሚሆነውን ታውቀው ነበር፤ አስባበት ነው የገባችበት።

ስልኳ ጮኸ። ኮምቦልቻ ነው። ከእናቷ ድምፅ በፊት የጎረቤት እልልታ ገባ። የአማርኛው ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ሲወጣ የጎረቤት ልጅ ጮክ ብላ አንብባላቸው ነበር። ቀጥሎ ናኦሚ፣ ከዚያም ሰሚያ ያችኑ ቃል ደገሟት። ሰፈሩ ዓረብኛውን አያውቅም፤ የገባው አማርኛው ብቻ ነው።

"ስምሽን ጠራችው፣ ልጄ" አሉ እናቷ። "በገዛ አፏ፣ ሰው ሁሉ ሰማ። ግን ልጅቱ ምን ሆና ነው እንዲያ የምታለቅሰው?"

ሱልጣና ሰሚያ መኪናዋ ውስጥ መሪው ላይ ተደፍታ አየቻት። ዳንቴሉን ከኪሷ አውጥታ እጇ ላይ ጠቀለለችው።

"ደስ ብሏት ነው፣ እማ" አለች።