ጨዋ ያልኳት አስታማሚ

አዳማ ባለ አንድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ነርስ ሆኜ ሥራ በጀመርኩበት ቀን ጋዋኔን ሁለቴ ተኩሼ ገባሁ። የስኪዞፍሬንያን ምልክቶች እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ይዣለሁ፦ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ መስማት፣ ያለ ምክንያት ሰውን መጠርጠር፣ የንግግር መዘባረቅ፣ ከሰው መሸሽ። የቀረኝ በሽተኛ ብቻ ነበር።

ከመቂ ወንድምና እህት መጡ። ጀማል የሽንኩርት ደላላ ነው፤ ዓይኑ ቀልቷል፣ በሁለት ስልክ እያፈራረቀ ይጮሃል። እህቱ ራሂማ አንገቷን ደፍታ ጥግ ተቀመጠች። "አስታማሚ እንዲህ ጨዋ ሲሆን ደስ ይላል" አልኩ በሆዴ።

"እንቅልፍ አለዎት?" አልኩት ጀማልን።

"ሽንኩርቴ መኪና ላይ እየበሰበሰ ምን እንቅልፍ አለ ዶክተር!"

ዶክተር ሲለኝ አላረምኩትም። "የሚከታተልዎት ሰውስ?"

"ሞልቶ! ደላላው ሁሉ ጭነቴን ሊነጥቀኝ ከኋላዬ ነው።"

ደስታዬን ለመደበቅ አቀረቀርኩ። ገና በመጀመሪያው በሽተኛ ምልክቱ ተሟላልኝ! የበሽታውን ስም ልጽፍ እስክሪብቶ ሳነሳ አለቃዬ ሲስተር አስናቀች ገቡ። ካርዱን አዩት፣ እኔን አዩኝ።

"ይኼ የራሂማ ካርድ ነው። አንተ ማንን ነው የምትመረምረው?"

"እኔን ነው እንዴ?" ጀማል ከመቀመጫው ተነሳ። "እኔማ እናቴ አስመርምራት ብላኝ ነው። ልጅቷ ምንም የላት፣ ዝም ነው የምትለው። እንዲያውም ጨዋነቷን አይተው ሽማግሌ ልከውባታል፤ ኒካዋ ደርሷል።"

"ዝም ያለችው ከመቼ ወዲህ ነው?" አሉት ሲስተር።

ጀማል አሰበ። "ካምናው ረመዳን ወዲህ... ድሮማ ሱቅ ስትሸጥ አፏን የሚዘጋው አልነበረም።"

ሲስተር ወንበራቸውን ወደ ራሂማ አስጠጉ። "አካም ጂርታ፣ እንዴት ነሽ የኔ እናት? ለምንድን ነው የማታወሪው?"

ቀና ብላ ወንድሟን አየችው። "አትናገሪ ይሉኛል" አለች።

"እነማን?"

"አላያቸውም። ከተናገርሽ ወንድምሽን እንገድለዋለን ይሉኛል።"

የጀማል ስልክ ጠራ። አላነሳውም። እኔም መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሲስተር ያን ቀንም የበሽታውን ስም አልጻፉም። ጫት ትቅም እንደሆነ፣ ሐዘን ደርሶባት፣ የሚጥል በሽታ ኖሮባት እንደሆነ ጠየቁ፤ ደም አስመረመሩ፤ እናቷን አስጠርተው አነጋገሩ። ስኪዞፍሬንያ ብለው የጻፉት ምልክቱ ከስድስት ወር በላይ መቆየቱንና ሌላ ሕመም አለመኖሩን ካረጋገጡ በኋላ ነው። መድኃኒት ተጀመረላት። ኒካው እሷ ራሷ መልስ መስጠት እስክትችል እንዲቆይ ተደረገ፤ ስትችልም "አልፈልገውም" አለች።

ዛሬም መድኃኒቷን ልትወስድ ትመጣለች። ስለ ሱቋ ደንበኞች አንድ በአንድ ታወራኛለች፣ በሩ ላይም "ዛሬስ ማንን ልትመረምር ነው?" ትለኛለች። ጀማል ከኋላዋ ሆኖ "ዶክተር፣ ዝም የሚያሰኝ ክኒን የለም?" ይላል፤ ደስታው ግን ከፊቱ ያስታውቃል።

አዲስ ነርስ ሲመጣልኝ የምነግረው ይኸው ነው፦ ዝምተኛን ሰው ጨዋ ከማለትህ በፊት ከመቼ ወዲህ ዝም እንዳለ ጠይቅ። ካርዱ ላይ ያለውንም ስም አንብብ።