ጋሼ የቆሙበት መስመር

ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ካረፉ ክረምቱ አልፎ በጋ ገባ። የልጅ ልጆቼ የትኛው ክለብ ትልቅ እንደሆነ ሲከራከሩ ዋንጫ ይቆጥራሉ። ጋሼ ግን፣ "ትልቅ ክለብ ማለት ደጋፊው በገዛ ቡድኑ ላይ እውነቱን የሚመሰክር ነው" ይሉ ነበር። ማሊያው የነተበውን የአየር ጤና ሰፈራችንን ቡድን ትልቅ ክለብ ይሉት ነበር።

ሁልጊዜ የሚቆሙት ከጎሉ አጠገብ፣ መስመሩ ዳር ነው። አንድ ጊዜ ለዋንጫ ስንጫወት ቡድናችን አገባ። ጋሼ እጃቸውን አንስተው፣ "ኳሷ ቀድማ ወጥታለች" አሉ። ዳኛው የጋሼን ቃል ስለሚያምን ጎሉን ሻረው፤ ተሸነፍን።

"አባባ፣ እርስዎ የማን ደጋፊ ነዎት?" አለ አንዱ ተናዶ።

"የእናንተው ነኝ። የነሱ ብሆንማ ምን አስጨነቀኝ?"

እኔም ከጎናቸው ቆሜ የሚሳደበውን ሁሉ አፉን አስያዝኩት። ፍርድ ሲጓደል ዝም ማለት አላውቅም ነበር።

ባለፈው እሁድ ቡድናችን አገባ። ኳሷ ቀድማ መውጣቷን በዓይኔ አይቻለሁ። ዳኛው ጋሼ ይቆሙበት ወደነበረው ቦታ ዞሮ አየ፤ ማንም የለም። ከዚያ ወደ እኔ አየ።

ዝም አልኩ።

አሸነፍን። ሰፈሩ ሲጨፍር አንድ ሰው ከኋላዬ የቆመ መሰለኝ። እስከ ዛሬ ዞሬ አላየሁም።